ትንሿ የናፍጣ መኪናና የዋንዛ ሜዳ መንገድ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ናፍጣ በጠፋ ቁጥር በፍኖተ ሰላም ማደያዎች በር ላይ የሚሰለፉት ሾፌሮች በመንገድ ሳልፍ ካዩኝ፣ "እትየ ይመኙ፣ ያችን አሮጌ መኪና በምን ነበር የሚነዷት? በውኃ ነው እንዴ?" ይሉኛል። ቆሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ግን እኔን ከነንግግሬ ትተው ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም። በጽሑፍ ባደርገው ይሻላል ብዬ ይህን ጀመርሁ።

የተወለድሁት ከጅጋ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ በከተማው በአንድ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። ኮምፒዩተር ሲመጣ የጽሕፈት መኪናዎቹ ጨርቅ ለብሰው መጋዘን ገቡ። እኛ ታይፒስቶቹም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ክፍል ተበተንን። የኔ ተራ ሲደርስ የጊዜው ኃላፊያችን አስጠርተው፣

"መዝገብ ቤት ሞልቷል። ሾፌር ግን አንድ ይጎድለናል" አሉኝ።

እንደ ቀልድ ነበር የተናገሩት። እኔም "መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ምን ያስፈልጋል?" ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁ። ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ።

መንጃ ፈቃዴን ይዤ ስመለስ ማንም የማይፈልጋትን መኪና ሰጡኝ። ሥራውን ጨርሶ ከሄደ ፕሮጀክት የተረፈች፣ ነጭ፣ ትንሽ የናፍጣ መኪና ነበረች። ወንዶቹ ሾፌሮች ከፍ ከፍ ያሉትን ፒካፖች ይሻሙ ነበር። እሷን ስትነሣ በምታሰማው ድምፅ የተነሣ "ወፍጮዋ" ይሏታል። ስለ ደመወዙ ብዙ አላወራም፤ ይበቃ ነበር ካልሁ ዋሸሁ፣ አይበቃም ነበር ካልሁም ልጆቼ ተምረውበታል። መኪናዋን እንዳውቃት ያደረጉኝ ግን ጋሽ ሰይድ ናቸው። ከሁሉም በላይ መጻፍ የፈለግሁት ስለ እሳቸው ነው።

ጋሽ ሰይድ የቡሬ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከቡሬና ከመራዊ እህል የሚጭኑ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ኋላ ወደ መሥሪያ ቤታችን ገቡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እኔን እንዲያለማምዱ ሲታዘዙ አልተቃወሙም፤ ደስ ያላቸውም አይመስሉም ነበር። መጀመሪያ ያዩት ጫማዬን ነው።

"ይኼ ሶል ወፍራም ነው። ሞተሩን በምን ትሰሚዋለሽ?"

"በጆሮዬ ነዋ" አልሁ።

"በጆሮሽ የምትሰሚው ከተበላሸ በኋላ ነው። ሳይበላሽ የሚሰማው በእግር ነው።"

እሳቸው የሚነዱት ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማ አድርገው ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ቀን ቀጭን ጫማ በወንበሬ ሥር አኖር ነበር። የነዳጅ መስጫው ፔዳል ላይ እግር ሲያርፍ በቀጭን ሶል ሞተሩ መቼ እንደሚደክም፣ መቼ እንደሚበቃው ይታወቃል። ሲበቃው መጫን ናፍጣውን በጭስ ማውጫው መድፋት ነው። ጋሽ ሰይድ አንዳንድ ጊዜ ቆም ብለው ጣታቸውን ወደ ጭስ ማውጫው ጫፍ ያስገቡና ጥላሸቱን በአውራ ጣታቸው ያሹታል። ደረቅና ስስ ከሆነ ዝም ይላሉ። ጥቁርና ወፍራም ከሆነ፣ "ይኼ ሳይሠራ የተባረረ ናፍጣ ነው" ብለው የአየር ፊልትሮውን ያስፈቱኛል። በጥርጊያ መንገድ የምንውል ሰዎች ስለሆንን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አቧራ ነበር። አቧራው ካልሆነ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎች ይዘን ወደ ጋራዥ እንሄዳለን።

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ሲሉ ሜዳማ መንገድ አለ። እዚያ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ ከፊትም ከኋላም መኪና አለመኖሩን አይተው ማርሹን ዜሮ ያደርጉና እግራቸውን ከሁሉም ላይ ያነሣሉ። መኪናዋ በራሷ ተንከባልላ የምትቆምበትን ቦታ ያያሉ። ጤነኛ ስትሆን ከአንዲት ጎባጣ ባሕር ዛፍ ታልፋለች። አንድ ቀን ከዛፏ በፊት ቆመች።

"ምን ሆና ነው?" አሉኝ።

"እኔ ምን አውቄ።"

"ውረጂና ጠይቂያታ።"

ወረድሁ። እሳቸውም ወርደው የአራቱን ጎማ ቸርኬ በእጃቸው ጀርባ ነካ ነካ አደረጉ፤ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካው ዓይነት። እኔም ተከትዬ ነካሁ። የኋላ ግራው ይፋጃል። ፍሬኑ ይዞ ኖሯል።

"ናፍጣ በቀዳዳ ብቻ የሚፈስ አይምሰልሽ፣ ይመኙ። ሞተሩ ይጎትታል፣ ፍሬኑ ይይዛል። ሁለቱ ሲታገሉ የሚያልቀው የኛ ናፍጣ ነው።"

ሥራችን የእንስሳት ሐኪሙንና የክትባት መድኃኒቱን ገጠር ማድረስ ነው። ሐኪሙ ዶክተር አለምነው ይባላል። ከታናሽ ወንድሜ እኩያ ስለሆነ አንተ እለዋለሁ፤ እሱ እርስዎ ይለኛል። ሥራውን የሚያውቅ፣ ጠንቃቃ ልጅ ነው። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ይሄዳል። ገበሬው በቀጠሮው ቀን ከብቱን ሳያሰማራ ከማለዳ ጀምሮ አንድ ሜዳ ላይ አሰባስቦ ይጠብቀናል። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ ያን ቀን ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይጣላል። ከብት ሳይሰማራ ዋለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ ስለሆንሁ አውቃለሁ። ስለዚህ የኛ መኪና ዘገየች ወይም ቀረች ማለት የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሰዉ አይወጣም።

መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠን ናፍጣ ከቀጠሮዎቻችን ያነሰ ነበር። በፒካፕ ቢሆን በየጊዜው ጥቂት ቀበሌ ብቻ ነው የሚዳረሰው። በትንሿ መኪና ግን ጋሽ ሰይድ ከዚያ እጥፍ ያህል ያዳርሱበት ነበር። ከላይዋ ላይ የነበረውን የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ አስፈትተው አውልቀውታል፤ ነፋስ ከመጎተት በቀር ሥራ የለውም ብለው። የጎማዎቹን ነፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ጎሚስታ ቤት ያስለካሉ። ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት የማሞቂያው፣ የካንዴላው፣ ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ይታገሣሉ፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን ቆመው አያሞቁትም፤ እየሄዱ ነው የሚያሞቁት። ማርሽ ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ። ዳገት ሲመጣ ከሩቅ አይተው ፍጥነት ይሰበስባሉ፤ መኪናዋ ሳትለምናቸው ማርሹን ይቀንሳሉ። ፍሬን የሚነኩት በጣም ሲቸግራቸው ነው። "ፍሬን የያዝሽ እንደሆነ ቅድም ያቃጠልሽውን ጣልሽው ማለት ነው" ይሉኛል።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ የቁልቁለቱ ነገር ነው። የኛ አገር ሾፌር ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ቁጠባ ይመስለዋል። ለኔም ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ሰይድ እጄን ከማርሹ ላይ አንሥተው፣

"ተይ! ዜሮ ስታደርጊው ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይለምንሻል። ማርሽ ውስጥ ትተሽው እግርሽን ብታነሺ ግን ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ይዘጋል። ምንም አይለምንሽም። ፍሬንሽም አይቃጠል" አሉኝ።

እንዲህ ስንነዳ በርግጥ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። በጅጋ የገበያ ቀን በሰውና በአህያ መካከል ሳልፍ አንድ የባጃጅ ልጅ ከኋላዬ ክላክሱን ሲያንባርቅ ቆይቶ፣ ከጎኔ ሲደርስ አንገቱን አወጣና፣

"እትየ፣ መኪናዋን እየነዷት ነው ወይስ እየሸኟት?" አለኝ። ገበያተኛው ሳቀ።

"እየሸኘኋት ነው። አንተን ማደያው በር ላይ እናገኝሃለን" አልሁት። ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሲስቁ እንዳላያቸው መሆኑን ትከሻቸው ነገረኝ።

አሁን ስለ ዋንዛ ሜዳ ልጻፍ። ዋንዛ ሜዳ ከቡሬ ወደ ዓባይ በኩል ሲወርዱ ያለች ሩቅ ቀበሌ ናት። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ነው። ያኔ እኔ ገና ለማጅ ነበርሁ፤ መሪውን የያዙት ጋሽ ሰይድ ናቸው። በዚያ አካባቢ አባ ሰንጋ የሚባለው የከብት በሽታ ታየ ተብሎ በአስቸኳይ ቀጠሮ ተይዞ ነበር።

ጋሽ ሰይድ አንድ ኩራት ነበራቸው። የመኪናዋ የነዳጅ ጌጅ ከሞተ ቆይቷል። በኋላ ወንበር ሥር ያለውን የታንክ ክዳን ከፍተው ናፍጣውን የሚለኩት ምልክት በተቀረጸበት የቀርከሃ ዘንግ ነበር። ለመንገዱ የሚበቃውን ብቻ ይቀዳሉ፤ ትርፍ አይጭኑም። ትርፍ ናፍጣ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለሳቸው ቂልነት ነው። ከመንገድ ሲመለሱ ዘንጉ ጫፉ ብቻ ርሶ ሲወጣ ለሌሎቹ ሾፌሮች ያሳዩ ነበር። ሁሉም ያደንቃቸው ነበር። እኔም አደንቃቸው ነበር።

ያን ቀን ዋንዛ ሜዳ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የአፈሩን ድልድይ ጎርፍ ወስዶት አገኘነው። ዙሪያውን በጉብታው በኩል የሚሄድ መንገድ አለ አሉን። ያዝነው። ጭቃ ነው፣ ዳገት ነው፣ ለሰዓታት በመጀመሪያ ማርሽ ነው፤ የመመለሻችንን ናፍጣ ጭምር በላው። መኪናዋ ሁለት ሦስቴ ተንተባተበችና ቀጥ አለች። ጋሽ ሰይድ ዘንጉን አልነከሩም። አያስፈልግም ነበር።

ዶክተር አለምነው ሳጥኑን አቅፎ እዚያው ቀረ። ጋሽ ሰይድና እኔ የወፍጮ ድምፅ ወደምንሰማበት በእግር ሄድን። ባለወፍጮው ሰልፈኛ ቆሞበት ሳለ ወፍጮውን አጥፍቶ ከራሱ ናፍጣ በጀሪካን ቀዳልን። ሰልፈኞቹ አጉረመረሙ። ናፍጣ መኪና ግን አንዴ ከደረቀች መቅዳት ብቻ አይበቃትም። በቧንቧዋ አየር ይገባል። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እየተጫኑ፣ ብሎኖቹን እያላሉ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ማስተንፈስ አለ። ጋሽ ሰይድ ብሎኑን ትተው ደጋግመው ወደ ፀሐይዋ ያያሉ። መፍቻውን ተቀብያቸው ብሎኖቹን እኔ አጠበቅሁ።

ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ሜዳው ላይ እበትና ኮቴ ብቻ ነው ያለው። የሳጥኑ ክዳን በደንብ የማይገጥም ነበርና በረዶው ውኃ ሆኗል። ዶክተሩ ጠርሙሶቹን አንሥቶ አያቸው፤ መልሶ አስቀመጣቸው፤ "አይሆንም" አለ። አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ጠበቀን፤ አያ ስማቸው ይባላሉ፤ ቀጠሮውን ለሰዉ የነገሩት እሳቸው ነበሩ።

"ሰዉ እስካሁን ቆይቶ ነበር" አሉን። ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያ ወር ሳይወጣ የአያ ስማቸው የእርሻ በሬ ሞተ። ዶክተሩ በሽታው ሥጋውን ለነካ ሰውም እንደሚተርፍ አስረድቶ ሳይታረድ፣ ሳይገፈፍ አስቀበረው። ቢከተብ ይተርፍ ነበር ለማለት እንደማይችልም በሐቅ ነገራቸው። አያ ስማቸው አዳመጡት። ከዚያ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞረው በጣም በትሕትና፣

"ለመሆኑ ናፍጣው ተረፈ?" አሏቸው።

ባለወፍጮው ናፍጣ አልቆብን እንደነበር ወሬውን አድርሶ ኖሯል። በማግሥቱ ጋሽ ሰይድ ቢላ አውጥተው ዘንጉ ላይ ከቀድሞዎቹ ምልክቶች ከፍ ያለ ቦታ አዲስ ምልክት ቀረጹ።

"ለመንገዱ ከሚበቃሽ ሌላ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው አይነካም" አሉኝ። "ድልድይ ለተወሰደ ቀን ነው።"

ሰው በእርጅናው፣ ያውም ሁሉም በሚያደንቀው ነገር፣ ተሳስቻለሁ ብሎ አሠራሩን ሲለውጥ ያየሁት እሳቸውን ነው። ምክንያት መደርደር ይችሉ ነበር፤ ጎርፍ ነው ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ጡረታ ሲወጡ የመኪናዋን ቁልፍና ዘንጉን በእጄ ሰጥተው ወደ ቡሬ፣ ወደ ልጃቸው የመለዋወጫ ሱቅ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ነዳሁ። ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ። አንደኛው ትንሿን መኪና በጨረታ እናስወግዳት ብለው ተነሥተው ነበር፤ ከፒካፖቹ ይልቅ እሷ ብዙ ቀበሌ እንደምታዳርስ ዶክተሩ ሲያስረዳቸው ተዉት። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪናዋ በመንገድ ላይ ደርቃብኝ አታውቅም። የዋንዛ ሜዳ ሰው ግን ጨርሶ አልመለስልን አለ። ቀጠሮ ስናደርግ ሁለት ሦስት ጥጃ ያመጡና፣ "ሌላው ርቆ ተሰማርቷል" ይሉናል። ዶክተሩ ብዙ ጊዜ ሞከረ። አያ ስማቸውንም ለምኗቸው ነበር። "እኔ ሰው ጠርቼ አፍሬያለሁ" አሉት።

ጡረታዬ በቀረበበት ዓመት ናፍጣ ጠፋ። ፒካፖቹ ግቢ ውስጥ ቆሙ። በዚያው ሰሞን ከዋንዛ ሜዳ በታች ባሉ መንደሮች ከብት በድንገት እየወደቀ ነው የሚል ወሬ መጣ። አያ ስማቸው ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው ለዶክተሩ ደወሉ። ስልኩን እንድሰማው ድምፁን ከፍ አደረገልኝ።

"ከብቱን እኔ አስወጣለሁ። ሰዉ እሺ ብሎኛል። እናንተስ ትመጣላችሁ ወይ?" አሉ። "በኔ ቃል ነው የሚወጣ። ዳግመኛ ቆሞ ውሎ ከገባ፣ በዚህ ቀበሌ ከብት የሚያወጣላችሁ አታገኙም። እኔንም ከእንግዲህ የሚሰማኝ የለም።"

ዶክተሩ እኔን አየኝ። ወጥቼ ዘንጉን ነከርሁ። እንኳን ለመንገዱ የሚሆን ሊኖር፣ ያለው የማይነካው ብቻ ነው፤ እሱም ከምልክቱ ዝቅ ብሏል። ለመውረድ ይበቃል። ለመመለስ፣ ሁሉም ነገር ከቀና፣ ቡሬ ድረስ ያደርሰን ይሆናል። ማደያ ጠይቀን ነገ እንሰጣችኋለን አሉን፤ ነገ የሚባለውን ናፍጣ ደግሞ እናውቀዋለን።

"እሺ በላቸው" አልሁት።

በማግሥቱ ማለዳ ቡሬ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሱቁ አጠገብ ያለው ጎሚስታ ነፋስ ሲለካልኝ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ጎማዎቹን በእጃቸው ዳሰሱ።

"ወዴት ነሽ?"

"ዋንዛ ሜዳ።"

"ምልክቱ ላይ ደርሷል?"

"አልደረሰም፣ ጋሽ ሰይድ።"

"ድልድዩስ?"

"በድንጋይ ተሠርቷል። መንገዱም ደረቅ ነው ብለውናል።"

እጃቸውን ከጎማው ላይ አላነሡም። ሂጂ ቢሉኝ ኖሮ ቀላል ይሆንልኝ ነበር። አላሉም፤ አትሂጂም አላሉም። "ጎማው ደህና ነው" ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ያን ቀን የነዳሁትን ያህል ተጠንቅቄ የነዳሁ አይመስለኝም። ከመኪናዋ ውስጥ ከትርፍ ጎማውና ከክሪኩ በቀር የማያስፈልገንን ሁሉ መሥሪያ ቤት ትቼው ነበር። መስኮቶቹን ዘጋሁ። ቁልቁለቱን በማርሽ፣ እግሬን አንሥቼ ወረድሁት፤ ሞተሩ ዝግ ብሎ በጎማው እየተዞረ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ከፊት የበግ መንጋ ሳይ ከሩቁ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ እረኛው መንጋውን አሻግሮ ሲጨርስ እኔ ሳልቆም እደርሳለሁ። ዶክተሩ ከጎኔ ሳጥኑን ጭኑ ላይ ይዟል። ሳጥኑ ውስጥ በረዶው በየጉድጓዱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ እስካለ ድረስ ክትባቱ ደህና ነው።

ድልድዩን አለፍን። ሜዳው ሞልቷል። በሬው፣ ላሙ፣ ጥጃው፣ ሰዉም እስከ ዋንዛዎቹ ጥላ ድረስ። መኪናዋን ሲያዩ እጁን ያነሣልን ሰው የለም፤ ከብታቸውን ያወጡት በአያ ስማቸው ቃል እንጂ ይመጣሉ ብለው አምነው እንዳልሆነ ገባኝ። አያ ስማቸው ወደ መኪናዋ መጥተው ኮፈኗን በመዳፋቸው መታ አደረጉ።

"መጣችሁ" አሉ።

"መጣን፣ አያ።"

ሥራው ተጀመረ። ዶክተሩ ይወጋል፣ እኔ መርፌ አቀብላለሁ፣ ጎረምሶች ቀንድ ይይዛሉ። አንዱ ጎረምሳ ኮርማ ጥሎት ሲነሣ፣ "ወንድምህ ሲከተብ አንተም ተከተብ" ብለው ሳቁበት። ሰዉ ከሳቀ ወዲያ ሥራው ፈጠነ። ሲያልቅ ግን አያ ስማቸው ዶክተሩን ወደ ጎን ወሰዱት። ከዋንዛ ሜዳ በታች ካለው ወንዝ ማዶ ያሉትም መንደርተኞች ሰምተው ከብታቸውን አውጥተው ይጠብቃሉ አሉት። በሽታው የታየው ወደነሱ በኩል ስለሆነ ከዋንዛ ሜዳ ከብት ጋር አይቀላቀሉ ያለው ራሱ ዶክተሩ ነበር፤ ስለዚህ ወደዚህ ሊመጡ አይችሉም። ክትባቱ አለ፤ በረዶውም አለ፤ ግን ለዛሬ ብቻ።

ዶክተሩ ወደኔ መጣ። "እትየ ይመኙ፣ ወንዙን ተሻግሮ ቁልቁል ነው። ከሄድን ለመመለሻ አይበቃንም አይደል?"

"አይበቃንም።"

"እንግዲያ እርስዎ ያሉት ነው። መኪናዋን የሚያውቋት እርስዎ ነዎት።"

ዘንጉን ነከርሁት። ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ርሷል። ይህን ይዤ አሁኑኑ ብነሣ ቡሬ እገባለሁ፤ መኪናዋም ግቢዋ ትገባለች፤ ደርቃብኝ አታውቅም እንደተባለ ጡረታ እወጣለሁ። ማዶ ያሉት ደግሞ ከብታቸውን ነድተው ይገባሉ።

"ግባ" አልሁት።

ማዶኞቹም ሜዳቸውን ሞልተው ነበር። የመጨረሻዋ ጠርሙስ እስክታልቅ ተሠራ። ስንመለስ ከወንዙ ወዲህ ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ ይዣት ወጣሁ። ዋንዛ ሜዳ ላይ የአያ ስማቸው ግቢ በር ስንደርስ አስገብቼ አጠፋኋት። ጥቂት ናፍጣ ቀርቷታል፤ እንድትደርቅ አልፈለግሁም፤ አየር ከገባባት ለሚቀጥለው ቀን ሌላ ሥራ ነው። አያ ስማቸው ነገሩ ሲገባቸው ጎረምሶቹን ጠርተው በሸራ አስሸፈኗት፤ ልጆች እንዳይወጡባት ዙሪያዋን እሾህ አሳጠሯት።

ዶክተሩ ባዶውን ሳጥን ተሸክሞ፣ እኔ ቀጭን ጫማዬን እንደተጫማሁ ዳገቱን በእግር ጀመርነው። ለዚያ መንገድ የሚሆን ጫማ አልነበረም። ከአውራው መንገድ ስንደርስ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ቡሬ አደረሰን።

ጋሽ ሰይድ አሁንም ሱቁ በር ላይ ነበሩ። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ፤ የመኪናዋን ድምፅ እየፈለጉ መሆናቸው ገባኝ።

"የታለች?"

"ዋንዛ ሜዳ ቀርታለች።"

"ደረቀች?"

"አልደረቀችም። ሳትደርቅ አጠፋኋት። ናፍጣ ሲገኝ ሄጄ አመጣታለሁ።"

"ከብቶቹስ?"

"የተሰበሰበው ሁሉ ተከትቧል። የማዶዎቹም ጭምር።"

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኔ ከሳቸው ብዙ ዓመት የማንስ፣ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ነኝ። "ኧረ በሞቴ፣ ይቀመጡ" አልኋቸው። እንዳልሰሙ ሆነው በእጃቸው መቀመጫውን አሳዩኝ። እኔ እስክቀመጥ ድረስ አልተቀመጡም።